ከሁለቱ አንዱን መንቀል

ጡረታ ስወጣ የችግኝ ጣቢያው ባልደረቦቼ ስጦታ ሊገዙልኝ አስበው፣ «ብርድ ልብስ ይሻልሻል፣ ቴርሞስ ነው፣ ወይስ የሐበሻ ቀሚስ?» ብለው ጠየቁኝ። ስህተታቸው መጠየቃቸው ነበር። ሁለት ቀን ስጡኝ አልኳቸው። በሁለተኛው ቀን የብርድ ልብሱን ቀለም አይቼ ልወስን ብዬ ጭሮ ገበያ ወርጄ አራት ሱቅ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ልጄ መሠረት ጣቢያው ድረስ ሄዳ፣ «እባካችሁ ለእሷ ሳትነግሩ ደስ ያላችሁን ግዙ፤ እኛም ቤት ውስጥ ሰላም እንፈልጋለን» አለቻቸው። ብርድ ልብስ ገዙልኝ። ቡናማ ነው። እኔ ብሆን ውሃ ሰማያዊውን ነበር የምወስደው። ግን እሱ ደግሞ ቶሎ ይቆሽሻል።

እንዲህ ያለች ሴት ለሃያ ሰባት ዓመት እንጀራዋን የበላችው በመምረጥ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ሥራዬ ግን እሱ ነበር። ችግኝ እመርጥ ነበር። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይነቀል፣ የትኛው ለገበሬ ይውጣ፣ የትኛው ይቅር እያልኩ ኖርኩ።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ሥራ ፈልጌ ስወጣ ሦስተኛ ልጄን ጡት አላስጣልኩም ነበር። ያኔ ጭሮን ሁሉም ሰው አሰበ ተፈሪ ነበር የሚላት። አንዲት የጸሎት ቤት እህት፣ «ችግኝ ጣቢያው የቀን ሠራተኛ እየፈለገ ነው፤ አፈር ማጣራት ነው፤ ጉልበት ካለሽ ሂጂ» አለችኝ። ከመሄዴ በፊት ስንት ቀን እንደጸለይኩበት አልናገርም። ባሌ ግን ይናገራል። «አፈር ለማጣራት ይህን ያህል ከጸለየች፣ ሚኒስትር ብትሆን ኖሮ አገሪቱ ትቆም ነበር» ይላል።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ አጣርቶና ቀላቅሎ ትንንሽ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ መሙላት ነው መጀመሪያው። ላስቲኮቹ እንደ ወታደር ተጠጋግተው ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ መደብ ይባላል። በላዩ የሣር ጥላ ይሠራል። ለቡና ሲሆን በእያንዳንዱ ላስቲክ ሁለት ፍሬ ይዘራል፤ አንዱ ባይበቅል ሌላው ይበቅላል ተብሎ ነው። ታዲያ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይበቅላሉ። ያኔ አንዱ መነቀል አለበት። ሁለቱም ከተተዉ በአንዲት ጭብጥ አፈር ይሻማሉ፣ ይቀጥናሉ፣ ሥሮቻቸው ይተበተባሉ፣ ለማንም አይሆኑም።

ይህን ያስተማሩኝ ኦቦ ዩያ ናቸው። የጣቢያው ካቦ ነበሩ፤ ሽርጥ የሚታጠቁ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው። አማርኛቸው ጥቂት፣ ኦሮምኛቸው ብዙ፣ ቁጣቸው ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ። ሥራ ሲጀምሩ መደቡ ራስጌ በተገለበጠ ቆርቆሮ ላይ ይቀመጡና «ቢስሚላህ» ይላሉ። ቀጥለው በዚያ ቀን የሚነቅሉት ምን ዓይነቱን እንደሆነ ጮክ ብለው ይናገራሉ። «ዛሬ ግንዱ የተጣመመውን፣ ቅጠሉ ቢጫ የሆነውን፣ አንገቱ የቀጠነውን።» ሦስት ብቻ። አራተኛ ጨምረው አያውቁም። ከዚያ ግራ እጃቸውን ሽርጣቸው መቀነት ውስጥ ይሰኩና በቀኝ እጃቸው ብቻ ይሠራሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ግራ እጃቸው የታመመ መስሎኝ አዝኜላቸው ነበር።

«ኦቦ ዩያ፣ እጅዎ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ደህና ነው። ግን ሌባ ነው። ቀኙ ወደፊት ሲሄድ፣ ግራው ወደኋላ ተመልሶ ያለፍኩትን ይነካካል። አሰርኩት።»

ያን ዕለት የመጀመሪያዬ የማሳሳት፣ ከሁለቱ አንዱን የመንቀል፣ ቀን ነበር። አንድ ላስቲክ ፊት ቁጢጥ አልኩ። ሁለት ቡና ጎን ለጎን፣ ቁመታቸው እኩል፣ ቅጠላቸው እኩል። ወደ ቀኙ ስሄድ ግራው ያሳዝነኛል፤ ወደ ግራው ስሄድ ቀኙ። ኦቦ ዩያ ሦስት ሜትር አልፈውኝ ሄደው ተመለሱ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«አየሁ። አንዱን ንቀይ።»

«የትኛውን?»

«የፈለግሽውን።»

«ብሳሳትስ?»

«ሁለቱም ደህና ናቸው አላልሽም? ታዲያ ከየት አምጥተሽ ነው የምትሳሳቺው?»

ነገሩ ግልጽ ነው፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለ። እሳቸው እስከ ምሳ አንድ መደብ ጨረሱ፤ እኔ ሠላሳ ላስቲክ እንኳ አልጨረስኩም። ሴቶቹ «አስቴር ፈተና ላይ ናት፤ አትረብሿት» እያሉ ሳቁብኝ። ይባስ ብዬ የነቀልኳቸውን መጣል አቃተኝ። በቀሚሴ ሸሽጌ ከአጥሩ ጥግ በተራረፈ ላስቲክ ተከልኳቸው። ውሃ እየሰረቅሁም አጠጣቸው ነበር። ኦቦ ዩያ አገኟቸው። ወር ያህል እንዲያድጉ ተዉአቸው። ከዚያ ጠርተው አንዱን ላስቲክ በምላጭ ቀደዱና ሥሩን አሳዩኝ። ዋናው ሥር ስተክለው ታጥፎ ወደ ላይ ዞሯል።

«ይህ ሁለት ዓመት ይኖራል» አሉኝ። «ከዚያ ገበሬው ፍሬ ሲጠብቅ ይደርቃል። ያዘንሽው ለችግኙ ነው፤ የሚያለቅሰው ግን ሌላ ሰው ነው።»

ነገሩ ገባኝ። እስከ ምን ድረስ እንዳልገባኝ ግን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩና ወደ አሰቦት ተላክሁ። ልጆቼን ለእናቴ ትቼ በየሁለት ሳምንቱ እመላለስ ነበር። መመላለሱን እንኳ መምረጥ አደረግሁት። መናኸሪያ ቆሜ የሾፌሩን ዓይን አያለሁ፤ ዓይኑ ከቀላ አልሳፈርም። ጎማውን አያለሁ፤ ላዩ ላይ የተጫነውን አያለሁ። ረዳቱ፣ «እማማ፣ መኪናውን ልትገዢው ነው ወይስ ልትሳፈሪበት?» እያለ ይስቅብኛል። ሦስት መኪና አሳልፌ አራተኛው ላይ የምወጣው ከሦስቱ ስለተሻለ አይደለም፤ ስለመሸ ነው።

አሰቦት ቆላ ነው። ወደ ገዳሙ የሚሄዱ ምእመናን በአውቶቡስ ያልፋሉ፣ ፍየል ያልፋል፣ አቧራ ያልፋል። እኛ የሽፈራው፣ የኒምና የግራር ችግኝ እናፈላ ነበር። ምስጥ ይበላል፣ ፀሐይ ያቃጥላል፤ ከአንድ መደብ ሲሶው ከተረፈ እግዚአብሔር ይመስገን ነው። አርብቶ አደሩ መጥቶ «ሃያ ዛፍ ስጪኝ» ሲል፣ «ያለው ይኸው ነው፤ እንካ» እለዋለሁ። ዓይኔን አላሽም፤ ኋላ ቤቴ ገብቼም አልብሰለሰልም። አስቴር የምትባለዋ ፈሪ ሴት እዚያ ጠፍታ ነበር። ያኔ ለምን እንደሆነ ልብ አላልኩትም። ለነገሩ ባሌንም ያገባሁት በአንድ ቀን ወስኜ ነው፤ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነበር። እስካሁን አልተጸጸትኩም። አምስት ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ዛሬም ከእናቴ ቤት አልወጣሁም ነበር።

ቀጥሎ ቦኬ ተመደብኩ። እዚህ ነው ነገሬ።

የቦኬው ጣቢያ የቡና ችግኝ ያፈላ ነበር፤ አሥራ አራት መደብ ሙሉ። ኃላፊው ከኮሌጅ የወጣ ወጣት ነው፤ አቶ ግርማ እለዋለሁ። ጥሩ ልጅ ነበር። የዓይኔን ጥንቃቄ አይቶ፣ «እትዬ አስቴር፣ ከአሁን በኋላ እርስዎ ያላዩት ችግኝ ከዚህ በር አይወጣም» አለኝ። ደመወዜ ላይ የተጨመረው ሳሙናም አይገዛ፤ የሚሞላው ቅጽ ግን ሦስት እጥፍ ሆነ። ቢሆንም ኮራሁ። አራተኛ ክፍል የቆመች ሴት ለስንት ገበሬ የምትመርጥ ሆነች።

በዚያ ዓመት ከመጡት አንዷ ኪሚያ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች ያሏት፣ ቁመቷ አጭር ድምፅዋ ረጅም ሴት። ከተማው ዳር ተዳፋት ላይ አንድ ቁራሽ መሬት አላት። የባሏ ወንድም ኡስማን፣ «ሴት ብቻዋን አታርሰውም፤ ጦም ከሚያድር እኔ ልያዘው» ብሎ ሽማግሌ ፊት አቅርቧታል። እሷ «ቡና እተክልበታለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹም፣ ክረምቱ ሲወጣ መሬቱ ላይ ቡና ቆሞ ከተገኘ መሬቱን ኪሚያ ትይዛለች፤ ባዶ ከሆነ ኡስማን ያርሰዋል ብለው ፈረዱ። ኪሚያ ከልጆቿ ጋር ሁለት መቶ ጉድጓድ ቆፈረች። እጇን ሳየው መዳፏ ሁሉ ቆስሏል።

ሐምሌ በባተ፣ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ አህያዋን እየነዳች መጣች። የሷን ጉዳይ ከሰማሁ ቆይቻለሁ፤ ልቤ ተነክቷል። ሌሎቹ ገበሬዎች በዚያው ቀን ጭነው ሄዱ። እሷን ግን አስቀረኋት።

«ኪሚያ፣ ያንቺ ነገር እንደሌላው አይደለም። ከሁሉም መደብ አንድ በአንድ እለቅምልሻለሁ። ሳምንት ቆይተሽ ነይ» አልኳት።

«አላህ ይስጥሽ» ብላ እጄን ሳመችኝ። ባዶ አህያዋን ነድታ ተመለሰች።

ጀመርኩ። ጥሩ ነው ያልኩት ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። አንደኛው መደብ ላይ ሃያ አሰርኩ። ሁለተኛው መደብ ስደርስ የተሻለ አየሁ፤ ተመልሼ የአንደኛውን ፈታሁ። አምስተኛው ላይ ደግሞ ከሁለተኛው የሚበልጥ። የአስተማሪዬ የኦቦ ዩያ ሦስት ምልክት የት ደረሰ? የእኔ ዘጠኝ ሆኖ ነበር። ቁመቱ፣ የቅጠሉ ጥንድ፣ የግንዱ ውፍረት፣ የቅጠሉ ወዝ፣ ምኑ ቅጡ። ሳምንቱ አለቀ።

ኪሚያ መጣች። መቶ ሃያ ነበር ያለኝ።

«ለቀረው አንድ ሳምንት ስጪኝ» አልኳት።

«አስቴር፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ዝናቡ እየሄደ ነው።»

«የቀረው ደከም ያለ ነው። ለአንቺ ደካማ ልስጥሽ?»

«ስጪኝ! ደካማም ስጪኝ! እኔስ ጠንካራ ነኝ እንዴ?»

«አይሆንም፤ ለአንቺስ አይሆንም። ለወደፊቱ ታመሰግኚኛለሽ።»

ይህን ቃል አስታውሰዋለሁ። ታመሰግኚኛለሽ ብያታለሁ። መቶ ሃያውን እንኳ ጭነሽ ሂጂ አላልኳትም፤ አንድ ላይ ያማረ ነገር ልሰጣት ፈልጌ።

ሳምንቱ ሌላ ሳምንት እየወለደ፣ ጨርሼ ያስረከብኳት ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሁለት መቶ ቡና፣ ሁሉም አንድ ቁመት፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ። አቶ ግርማ ራሱ ከቢሮው ወጥቶ፣ «እንዲህ ያለ ችግኝ ከዚህ ጣቢያ ወጥቶ አያውቅም» አለ። እውነቱን ነው፤ ወጥቶ አያውቅም።

መስከረም ሳይጋመስ ዝናቡ ተቆረጠ። በዚያ ተዳፋት ላይ ውሃ አይቆምም። ቡና ሥሩን አፈር ውስጥ እስኪሰድ ጥቂት ሳምንት ደህና ዝናብ ይፈልጋል፤ የኪሚያ ቡና ያን አላገኘም። ጥቅምት ውስጥ ወሬ ሰምቼ ሄድኩ። ልጆቿ በጄሪካን ውሃ እያመላለሱ ያተረፉት ጥቂት ነው፤ የቀረው ቡናማ እንጨት ሆኖ ቆሟል። ከአጥሯ ባሻገር የጎረቤቷ ማሳ አለ። እዚያ ያለው እኔው በመጀመሪያው ቀን ከየመደቡ ጫፍ አፍሼ የሰጠሁት፣ ጠማማ፣ ኮሳሳ ችግኝ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል።

ኪሚያ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። አንዱን የደረቀ ቡና በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው።

«ቆንጆ ነበሩ» አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአቶ ግርማ ነገርኩት። «እትዬ አስቴር፣ አይጨነቁ፤ ሪፖርቱ ላይ የዝናብ እጥረት ይባላል» አለኝ። እጥረቱም ነበር፤ ውሸት አይባልም። በዚያ ሳምንት ግን ልጆቼን ለማየት ጭሮ ስወጣ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቤቴ አይደለም፤ ወደ ኦቦ ዩያ ነው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። በራቸው ላይ ተቀምጠው ባጃጅ ሲያልፍ በድምፁ የማን እንደሆነ ይለያሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀዩን ክር ሳይቀር።

«ለማን ነበር የመረጥሽው?» አሉኝ።

«ለኪሚያ ነዋ።»

«አይደለም።»

«ወላሂ ለኪሚያ ነው!» አልኩ፤ ተደናግጬ በሳቸው መሐላ ማልኩ።

ሳቁብኝ። ከዚያ ግን እንዲህ አሉ፦ «ኪሚያ ደካማም ስጪኝ ብላሻለች። አንቺ ኪሚያን አልሰማሽም። አንቺ የሰማሽው 'አስቴር መጥፎ ችግኝ ሰጠች' የሚለውን፣ ገና ያልተባለውን ነው። የመረጥሽው እንዳትወቀሺ ነው፤ ለራስሽ ነው።»

አለቀስኩ። ክፉ ሰው ስላልሆኑ ነው ያለቀስኩት፤ ክፉ ሰው ቢለኝ እከራከር ነበር። ደግሞ ሌላም ነገር ያኔ ገባኝ። አሰቦት ላይ የማልፈራው ለምን ነበር? ምርጫ ስለሌለ የሚወቅሰኝ ስለሌለ ነው። ነገር በበዛ ቁጥር ወቀሳ የሚበዛ ይመስለኛል። አሥራ አራት መደብ ለእኔ አሥራ አራት መደብ ጥፋት ነው።

ኦቦ ዩያ እስክጨርስ ጠበቁና፣ «አሁን ምን ይመለሳል፣ ምን አይመለስም?» አሉኝ።

«ችግኙ አይመለስም።»

«መሬቱስ?»

«ሽማግሌዎቹ ፈርደዋል።»

«ሽማግሌዎቹ ኪሚያ ሰነፈች ብለው ነው የሚያውቁት ወይስ አስቴር ዘገየች?»

ሰላም እንኳ በቅጡ ሳልላቸው ተነሣሁ። ልጆቼን አቅፌ አድሬ፣ በማግስቱ መጀመሪያ የቆመውን መኪና ተሳፈርኩ። የሾፌሩን ዓይን አላየሁም። እንዳላይ ብዬ ነው ጀርባው ኋላ የተቀመጥኩት።

ሽማግሌዎቹ በገበያ ቀን ከመስጊዱ አጥር ጥግ ይቀመጡ ነበር፤ አምስት ናቸው። ኪሚያ ልጆቿን ይዛ ከዳር ቆማለች፤ ኡስማን መሐል ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ስገባ ኡስማን ቀድሞ አየኝ።

«ይቺ ደግሞ ጠበቃ ሆና መጣች?»

«ጠበቃ አይደለሁም፤ ጥፋተኛ ነኝ» አልኩ። ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፤ ግን በዚያ ቀን አልተደናቀፈም።

ትልቁ ሽማግሌ፣ «ችግኙ በሽታ ነበረበት?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለበትም። በጣም ጥሩ ነበር።»

«ታዲያ ጥፋትሽ ምንድነው?»

«ዘገየሁ። ኪሚያ በሐምሌ መጀመሪያ መጥታለች፤ ጉድጓዷም ተቆፍሮ ነበር። እኔ ነኝ ስመርጥ ነሐሴ ያደረስኳት። ሁለት ጊዜ ባዶ አህያ አስይዤ መልሻታለሁ።»

አንዱ ሽማግሌ ጢማቸውን ይዘው፣ «አቦ፣ ይሄስ የኔ ሚስት ጨርቅ ስትገዛ ማለት ነው» አሉ። ሳቅ ሆነ። ኡስማን ላለመሳቅ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ሲነቃነቅ አየሁት። ሳቁ ሲበርድ ትልቁ ሽማግሌ ኪሚያን፣ «ይቺ ሴትዮ ያለችው እውነት ነው?» አሏት።

ኪሚያ እኔን ነው ያየችው። «እውነት ነው» አለች። «ግን ክፋት የለባትም። ፈሪ ናት።»

ፍርዱ ተሻሻለ። በልጉን ኡስማን በጉድጓዶቹ መሐል ቦሎቄ ይዝራ፤ ለኪሚያ ግን አንድ ክረምት ይጨመርላት ተባለ። አንድ ብቻ።

ያን በልግ እንዴት እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። መደቦቹን ስኮተኩት ባልመርጥም ዓይኔ ይመርጥ ነበር። ሰኔ ሲያልቅ ለኪሚያ መልእክት ላክሁ፤ «ደመናው እንደወረደ ነይ፤ ከማንም በፊት» ብዬ። ገና ጎህ ሲቀድ አህያዋ በሩ ላይ ቆማለች። የመጀመሪያውን መደብ ልከፍትላት ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ።

«አንቺ አትመርጪም።»

«እሺ፤ ብቻ አሳይሻለሁ...»

«አታሳዪኝም። እዚያ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እጆቼን ጭኔ ስር ከተትኩ። ኪሚያ ከበሩ ቅርብ ባለው መደብ ጀመረች፤ ወደ ሌላው እንኳ አልተመለከተችም። ግንዱን በጣቷ ነካ ታደርጋለች፣ ላስቲኩን መዘን ታደርጋለች፣ ታስቀምጣለች። ነካ፣ መዘን፣ ጭነት።

«ኪሚያ፣ ያቺ ቅጠሏ ተበልቷል።»

«የኔም ጥርስ ወልቋል። ይኸው እኖራለሁ።»

«ያቺኛዋ ጎንበስ ብላለች።»

«ተዳፋቱም ጎንበስ ያለ ነው። ይስማማሉ።»

ፀሐይ ሳትከር ሁለት መቶው ተጭኖ አለቀ። በመደቡ መሐል ከሷ ቅርጫት ያመለጠ በጣም የሚያምር አንድ ችግኝ አየሁ፤ ልነግራት ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም።

ዝናቡ እንደ አምናው ቶሎ ቢቆረጥም ቡናው ቀድሞ ሥር ሰዷል። ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ማሳውን ዞረው አዩት። የደረቀ ነበር፤ የቆመው ግን በዛ። ኡስማን ራሱ ከኋላቸው እየተከተለ አንዱን የዘመመ ቡና አፈር አልብሶ አቃናው። ኪሚያም አየችው፤ እኔም አየሁት። መሬቱ በኪሚያ እጅ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጭሮ ተመልሼ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ኦቦ ዩያ በመሐሉ አረፉ። ብዙ ወጣቶች አሠለጠንኩ፤ አንዳንዶቹ እንደ እኔ ናቸው፤ በሁለት ቡና መሐል ተቀምጠው የሚያለቅሱ። እነሱን በዓይናቸው አውቃቸዋለሁ። ልጄ መሠረት ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናት። የመጀመሪያውን ጫማ ለክታ ገዝታ ትወጣለች፤ ማታ ቢጠብባትም «ይሰፋል» ትላለች። እሷን እንደ እኔ ላድርግ ብዬ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። አሁን ተውኳት። እሷም እንደ እሷ እንድሆን መታገሏን ትታለች። ሰው የራሱን ጠባይ ካወቀ ይበቃዋል መሰለኝ። ገበያ ስወርድ የምፈልገውን ቤቴ ውስጥ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ሁለት ሱቅ ብቻ ብዬ እምላለሁ። አንዳንድ ቀን ይሳካል። ሌላ ቀን ሽንኩርት ሻጯ፣ «እትዬ፣ ወጥ ልትሠሪበት ነው ወይስ ልትድሪው?» ብላ ታባርረኛለች። ካመነታሁ ግን አንድ ነገር ራሴን እጠይቃለሁ፤ አሁን የፈራሁት ለማን ነው? መልሱ «ለራሴ» ከሆነ ቶሎ እወስናለሁ፤ ሲያመኝም እወስናለሁ።

ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ኅዳር ላይ ኪሚያ አስጠራችኝ። ቡናው ቀልቷል፤ ለቀማ ነው። ልጆቿ አድገዋል፤ አንዷ ልጇን አዝላለች። ኪሚያ ቅርጫት ሰጠችኝና በእጇ ማሳውን ከላይ እስከ ታች አሳየችኝ።

«ከፈለግሽው ዛፍ ልቀሚ» አለችኝ።

ወደ ላይ ወጣሁ። አንዱ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ አለፍኩት፤ ቀጥሎ ያለው ፍሬው ይበልጥ ቀይ ይመስላል። ሁለት ረድፍ ዞርኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቅርጫቴን አየሁት፤ ባዶ ነው። ከታች ኪሚያ ከልጆቿ ጋር አንድ ነገር እያወራች ትስቃለች፤ ምን እንደሆነ ከዚያ አይሰማም። ወረድኩ። ከጎኗ ያለው ቡና ኮሳሳ ነበር፤ ፍሬውም ከማሳው ሁሉ ያነሰ። እሱን ያዝኩ።

«ምነው፣ ላይኛው ጥሩ ነው እኮ» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኳት። «ወሬው ግን እዚህ ነው።»